የጠላትን ሁለተኛ ዐይን ማን ይሣለው?

የዐድዋን ጦርነት ሥዕል ያላየ ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። በሆቴል ግድግዳ፣ በመጽሐፍ ሽፋን፣ የካቲት ሲደርስ ደግሞ በየስልካችን እናየዋለን። አይተነው እናልፋለን እንጂ ቆም ብለን አናነበውም። ሥዕል ግን እንደ ጽሑፍ ይነበባል። በዚህ ዕትም ሁለት የሀገራችንን ሥራዎች አብረን እንድናነብ እወዳለሁ። አንደኛው የዐድዋ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው። ሁለቱንም አውሮፓውያን ስለ እኛ ለሣሉት መልክ እንደ ተሰጡ መልሶች ልናያቸው እንችላለን። መልሶቹ ግን ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውም ለክርስቲያን ወጣት የሚነግረው ነገር አለ።

"እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ በፈረስ የሚታይበት ሥዕል ምናችን ነው?" የሚል አይጠፋም። ሥዕልን ማንበብና ለሥዕል መስገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጳውሎስ በአቴና ሲናገር የከተማይቱን የአምልኮ ነገሮች እየተዘዋወረ እንደ ተመለከተ ለሰዎቹ ነግሯቸዋል (ሐዋ. 17)። አስቀድሞ በጥንቃቄ አየ፤ ከዚያ በኋላ ተናገረ። እኛም አስቀድመን እንይ።

አንድ ዐይንና ሁለት ዐይን

የዐድዋ ሥዕል አንድ ብቻ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላ ብዙ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል፤ አብዛኛዎቹ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ቅጂው ቢበዛም አቀማመጡ ተቀራራቢ ነው። በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ሠራዊት፣ በሌላው ወገን የጣሊያን ሠራዊት ይሰለፋል። አፄ ምኒልክ ጥላ ተይዞላቸው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ይዘው ይታያሉ። ከላይ በመካከል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይጋልባል፤ ውጊያው የተደረገበት ዕለት የእርሱ በዓል የሚውልበት 23ኛው ቀን ነበርና። መድፍና ጠመንጃ በሁለቱም በኩል አለ። ይህን ልብ በሉት፤ ሠዓሊው ወገኑን ጦርና ጋሻ ብቻ የያዘ አድርጎ አልሣለውም።

አሁን ዐይኖቹን ተመልከቱ። ኢትዮጵያውያኑ ፊታቸው ወደ እኛ የዞረ ነው፤ ሁለት ዐይን አላቸው። ጣሊያኖቹ ግን በጎን የተሣሉ ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዐይናቸው ብቻ ነው። ይህ የሠዓሊው ችሎታ ማነስ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ የቆየ ሕግ ነው። ቅዱሳን በሙሉ ፊት ይሣላሉ፤ አጋንንት፣ አሳዳጆችና ከሓዲዎች በጎን ይሣላሉ። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ማግኘት የፈለገ ሰው ከማዕዱ ዙሪያ አንድ ዐይን ያለውን ቢፈልግ ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል። በጎን የተሣለ ሰው አያየንም፤ እኛም ዐይን ለዐይን አንተያየውም። ከእርሱ ጋር ኅብረት የለንም ማለት ነው።

የዐድዋ ሠዓሊ ይህን የቤተ መቅደስ ሕግ ወደ ጦር ሜዳ አወጣው። ጉልበቱ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚገባን ግን በዚያው ዘመን አውሮፓ እኛን እንዴት ትሥለን እንደ ነበር ስናውቅ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው መልክ

ከዐድዋ 12 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ በጣሊያን ቱሪን ከተማ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተካሂዶ ነበር። በዚያ ከቀረቡት "ዕቃዎች" አንዱ ከአሰብ አካባቢ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የከተማው ሕዝብ እየመጣ እንደ እንስሳ ተመለከታቸው። ከዐድዋ ሽንፈት 40 ዓመት ገደማ በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን ስትወርር ይህ ዐይነቱ እይታ ከወታደሮቹ ጋር አብሮ ዘመተ። ኤንሪኮ ደ ሴታ የተባለ ሠዓሊ ለወታደሮች በተሠሩ ፖስት ካርዶች ላይ ኢትዮጵያውያንን መቀለጃ አድርጎ ሣለ። ከነዚህ በአንዱ ላይ አንድ ወታደር ፖስታ ቤት ቆሞ አንዲትን ጥቁር ሴት እንደ ዕቃ ጠቅልሎ ለወዳጁ ሊልካት ይጠይቃል። ይህን የተቀበለ ቤተሰብ በሚላኖ ወይም በናፖሊ ሆኖ ስቆበት ይሆናል።

ቀልዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ሳይንስም ተጠርቶ ነበር። ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሰው ዘር ተመራማሪ በአፍሪካ ጉዞዎቹ የሰዎችን ፊት በጄሶ እየቀረጸ ወደ አውሮፓ ይወስድ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ላይ ጄሶ ሲፈስስ ዐይኑን መጨፈን ግድ ነው። ስለዚህ እነዚያ ፊቶች ሁሉ ዐይናቸው የተዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሰዎችን በዘር ደረጃ የሚከፋፍለው የጣሊያን ማኒፌስቶ ሲወጣ ቺፕሪያኒ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት መውጣት የጀመረው "ላ ዲፌዛ ዴላ ራሳ" የተባለ መጽሔት ሽፋን ደግሞ ሦስት ራሶችን አሳየ፤ የጥንት የአውሮፓ ሐውልት፣ የአይሁዳዊ ሰው ምስልና የአፍሪካዊት ሴት ፊት። አንድ ሰይፍ የመጀመሪያውን ከሁለቱ ይለያል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምስል የሚለው ነገር አንድ ነው፦ "እኛ እናያችኋለን፤ እናንተ ግን አታዩንም።" ፊታችን ሊለካ፣ ሊቀረጽ፣ ሊሳቅበት ይችላል፤ ዐይናችን ግን የተዘጋ ነው። የዐድዋ ሠዓሊ በጥጥ ጨርቅ ላይ የሠራውን አሁን መለስ ብለን ስናይ ትርጉሙ ይጎላል። እርሱ ነገሩን ገለበጠው። የሚያየው ኢትዮጵያዊው ሆነ፤ በጎን የቀረው አውሮፓዊው ሆነ። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹን የገዙት የውጭ ሀገር መንገደኞችና ዲፕሎማቶች መሆናቸው ነው። አውሮፓዊው የራሱን ሽንፈት፣ ራሱ አንድ ዐይና ሆኖ የተሣለበትን፣ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንዱ አለ።

ይህ መልስ ክብር ይገባዋል። ሆኖም ጥያቄ ይቀረዋል። ዐይን መንሣት የተማርነው በዳዮቻችን እኛን ካደረጉት ነገር ጋር አይመሳሰልምን? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ሁለተኛው ሥራ እንሂድ።

ክፋት ሰው ሳይሆን ዘንዶ ሲሆን

አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ወረራው ሲጀመር ገና ሕፃን ነበሩ፤ የመጀመሪያ የልጅነት ትዝታቸው ከጣሊያን ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በወጣትነታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበለና በለንደን በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። ከነጻነት 20 ዓመት በኋላ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ በውስጡ የእርሳቸው የመስታወት ሥዕል ተተክሎ ነበር። ሦስት መስኮቶች ናቸው፤ በአንድነት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይናገራሉ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የነጻ አፍሪካ መሪዎች የተሰበሰቡት በዚሁ አዳራሽ ነው። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ጣሊያናዊ መሆኑንም አትርሱ። ይህ ለሚቀጥለው ነጥቤ ይጠቅመኛል።

አፈወርቅ የአፍሪካን መከራ እንዴት ሣሉት? ዘንዶ አለ። አጽም አለ። ሕዝብ በመከራ ሥር ሲጨነቅ ይታያል። በተስፋው መስኮት ላይ የሀገር ልብስ የለበሰ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ወደ ፊት ቆሟል፤ ከኋላው የአፍሪካ ሕዝቦች በየልብሳቸው አሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበት የጦር ልብስ የለበሰ ሰውም ይታያል። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ዘንዶው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዘንዶ ነው። ከዐድዋ ሠዓሊዎች ጋር ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል፤ ግን ሌላ ነገር ወሰዱ። እነርሱ የወሰዱት አንድ ዐይና ጠላትን ነበር፤ አፈወርቅ የወሰዱት ዘንዶውን ነው። ክፋትን ከሰው ፊት ላይ አንሥተው ለአውሬ ሰጡት።

መጽሐፍ ቅዱሳችንን የምናነብ ሰዎች ይህ ወዴት እንደሚያመለክት እናውቃለን። ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 6 ላይ ውጊያችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ያስተምራል። ጣሊያናዊው ዘንዶ አይደለም፤ ዘንዶ የያዘው ሰው ነው። የሰውን ፊት ሳያጠፉ ክፋትን መሣል እንደሚቻል አፈወርቅ አሳዩን። ጣሊያናዊ ባነጸው አዳራሽ ውስጥ ይህ ሥዕል መቆሙም ያንኑ ይመሰክራል፤ ትናንት በጎን የተሣለው ሰው ዛሬ ቤት የሚሠራ ወዳጅ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ዝም ብለን አናጨብጭብ። ዘንዶ ስም የለውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ያስጨረሰው ዘንዶ አይደለም፤ ግራዚያኒ የሚባል ሰውና ትእዛዙን የፈጸሙ ሰዎች ናቸው። ክፋት ሁሉ "የሰይጣን ሥራ ነው" ተብሎ ከተዘጋ በዳዩ በር ከፍቶ ይወጣል። ይህን በቤተ ክርስቲያናችንም እናውቀዋለን፤ ሰው ሰውን ይበድልና "ጠላት ገባብን" ይባላል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ግን አይገኝም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ ስለ ክፋት በጠቅላላው አላወራም፤ በደለኛው ራሱ ዳዊት መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ነገር ግን ዳዊትን አላዋረደውም። ሙሉ ፊቱን እያየ ነገረው።

እንግዲህ የዐድዋ ሠዓሊ *ማን* እንደ በደለን ነገረን፤ አፈወርቅ *ምን* እንደ በደለን ነገሩን። ወንጌል ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንድም ይጨምራል። በደለኛውን በስሙ ጥራው፤ ክፋቱን ከሰውነቱ ለይ፤ ሁለተኛ ዐይኑንም ሣልለት። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ በአንድ ምላስ ጌታን እየባረክን በእርሱ አምሳል የተፈጠሩትን ሰዎች መራገማችን እንደማይገባ ይነግረናል። እንደ እጃችን ሁሉ ብሩሻችንም ከዚህ ትእዛዝ ነጻ አይደለም።

የእኛስ ፊት የት አለ?

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾ ሆነን እነዚህን ሥራዎች ስናይ ሌላ ጥያቄም ይነሣል። እኔ ባየኋቸው የዐድዋ ሥዕሎች ላይ ይህ ሐዲያ ነው፣ ይህ ከምባታ ነው ብሎ በአለባበሱ የሚለይ ሰው አላገኘሁም። ሥዕሉ ሁሉንም በአንድ የደጋ ልብስ አልብሶታል። ደግሞም ዐድዋ የሆነበት ዘመን የእኛ አካባቢ ሕዝቦች በምኒልክ ጦር ወደ ግዛቱ የገቡበት ዘመን ነው። የከተማችንን ስም ብቻ አስቡ፤ ቀድሞ ዋቸሞ ነበረች። ዛሬ ያ ስም በዩኒቨርሲቲያችን ላይ ይኖራል። ስም ማውጣትም መልክ መስጠት ነው። ይህን የምለው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ለአውሮፓ የተሰጠ ታላቅ መልስም ቢሆን ያልሣላቸው ፊቶች እንዳሉ እንድናስተውል ነው።

በ1920ዎቹ ዓ.ም. ወደ ደቡብ የመጡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞችም ካሜራ ነበራቸው። ወንጌልን፣ ፊደልንና ሕክምናን ያመጡልን ናቸውና እናከብራቸዋለን። በዚያ ዘመን የሚስዮን ኅትመቶች ወግ ግን አፍሪካዊውን አብዝቶ የሚያሳየው በጨለማ ተቀምጦ የሚጠብቅ አድርጎ ነበር። ታሪኩ ምን ሆነ? በጣሊያን ወረራ ሚስዮናውያኑ ከሀገር ሲወጡ በደቡብ የነበሩት አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። ወንጌልን ከመንደር ወደ መንደር የወሰዱት፣ የተገረፉት፣ የታሰሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። በፎቶግራፉ የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ በታሪኩ የሚሮጥ ሰው ተገኘ። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ፊታቸው የተሣለበት መጽሐፍ ገና አልተጻፈም።

ከዚህ ብዙ ሳንርቅ በጎረቤታችን በሐላባ የቤት ግድግዳዎችን ተመልከቱ። በሳር ቤቶቹ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሰው፣ ፈረስ፣ አንበሳና አበባ ተሥሏል። ማንም ፈረንጅ እንዲገዛው ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ለማንም የተሰጠ መልስም አይደለም። ሰው በራሱ ቤት፣ በራሱ ቀለም፣ ራሱን አየ። አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ እንዲህ ያለው ነው። ሁልጊዜ ለተሳደበን ሰው መልስ ስንሰጥ የምንኖር ከሆነ አጀንዳችንን የሚያወጣልን ያው ሰው ነው።

አሁን ካሜራው በእኛ እጅ ነው

ነገሩ በሙዚየም ቢያበቃ ይህን ባልጻፍሁ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላለፈው የረሃብ ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፤ ብዙ ሕይወትም አተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ልጅ መልክ በዓለም ፊት የተዘረጋ እጅ ሆኖ ቀረ። እንደ አይዳ ሙሉነህ ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን መልክ ለመለወጥ ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት አፍሪካውያን ራሳቸውን የሚያሳዩበት መድረክ ሆኗል።

እኛስ? ከሐዲያና ከከምባታ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌላውያን ወደ ደቡብ ኦሞ ይላካሉ፤ ወጣቶችም ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ይሄዳሉ። ስንመለስ ስልካችን በፎቶ ይሞላል። ራቁቱን የቆመ ሕፃን፣ ከንፈሯን የወጋች እናት፤ ከሥር "ለእነዚህ ጸልዩ" ይባላል። ስሟን ግን ማንም አያውቅም። ፈቃድ የጠየቃት የለም። እኛን በቱሪን ያቆመን ዐይን ይኸው አይደለምን? ቆዳው ጥቁር ስለሆነና ዝማሬ ስለተጨመረበት ዐይኑ አይቀየርም።

ከዚህም የቀረበ አለ። በየመንደራችን ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚፍቁ ወገኖች አሉ፤ በስድብ ስም ስንጠራቸው፣ ማዕድ ስንነፍጋቸው፣ ልጃቸውን ለጋብቻ ስንንቅ ኖረናል። በእጃቸው የሠሩትን ጀበና እናነሣለን፤ ዐይናቸውን ግን አናይም። ወንጌል ሲገባ ይህ አጥር ተነቅንቋል፤ በአንድ አግዳሚ አብረን መቀመጥ ጀምረናል። አጥሩ ሙሉ በሙሉ ወድቋል የሚል ግን የሠርግ ወሬ ሲነሣ ያዳምጥ። በሥዕል ሳይሆን በኑሮ በጎን የሣልናቸው እነርሱ ናቸው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን በፈሪሳዊው በስምዖን ቤት ተቀምጦ ሳለ ያቺን ሴት ታያት እንደ ሆነ ስምዖንን ጠየቀው። ስምዖን አይቷት ነበር፤ ያየው ግን "ኃጢአተኛ" የሚለውን ስሟን ነበር። ጌታ ወደ እርስዋ ዞረ፤ እንባዋን፣ ጠጉርዋን፣ ሽቱዋን አንድ በአንድ ቈጥሮ ለስምዖን ነገረው። ሰውን በሙሉ ፊት መሣል ማለት ይህ ነው። ብሩሽ ያላችሁ በብሩሽ፣ ግጥም የምትጽፉ በግጥም፣ ስልክ ብቻ ያላችሁም በስልካችሁ ይህን አገልግሉ። ለበደለን ሁለተኛ ዐይኑን መልሱለት፤ እኛ ለበደልነው ደግሞ ሁለቱንም።

ለቡድን ውይይት

1. በቤተ ክርስቲያናችሁና በቤታችሁ የተሰቀሉ ሥዕሎችን ቍጠሩ። የኢየሱስ መልክ ካለ ከየት የመጣ ነው? አሜሪካዊው ዋርነር ሳልማን እ.ኤ.አ. በ1940 የሣለው የኢየሱስ ፊት በዓለም ላይ እጅግ ተሠራጭቷል፤ በእናንተ ዘንድ ደርሶ ይሆን?
2. በደለኛን በስሙ በመጥራትና ፊቱን በመንሣት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከሕይወታችሁ ምሳሌ ስጡ።
3. ለሚቀጥለው የአገልግሎት ጉዞ የቡድናችሁን የፎቶ ሕግ በአምስት ነጥብ ጻፉ።
4. በወረራው ዘመን ስለ ነበሩ አማኞች ከአንድ አዛውንት ታሪክ ተቀበሉ፤ በሥዕል ወይም በጽሑፍ አቅርቡት።